ጋሼ ሱቃቸውን የዘጉባቸው ሦስት ሳምንታት

ከጥምቀት በኋላ በነበረው ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የጋሼ ሱቅ ዝግ ነበር። የቆርቆሮው በር ላይ ትልቁ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ከደጃፉ ጠፍቶ የማያውቀው የውሃ ሳፋ ተገልብጦ ግድግዳ ተደግፏል። እንደሚዘጋ አውቄያለሁ፤ ቀኑንም አብረን ነው የቆረጥነው። ግን ያንን ሳፋ ደርቆ ሳየው ሆዴ ባባ።

ስማቸውን አልጽፍም፤ አይወዱም። እኛም ሰፈሩም ጋሼ ነው የምንላቸው። እዚህ ባሕር ዳር፣ ከጊዮርጊስ ብዙም በማይርቅ ቅያስ ውስጥ ብስክሌት ሲጠግኑ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሱቁ ሦስት በአራት ሜትር ቢሆን ነው። ከጣሪያው ቸርኬ ተንጠልጥሏል፣ ግድግዳው ላይ ካቴናና የፍሬን ገመድ ተሰቅሏል፣ ብሎንና ዳዶው በየልኩ ተለይቶ በኒዶ ጣሳ ተቀምጧል። በሩ ሲከፈት ከኋላው የሚደበቅ ቦታ ላይ ከጋዜጣ የተቆረጠ የፅጋቡ ግርማይ ፎቶ አለ። ፅጋቡ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። አንድ ልጅ «ብስክሌት የነጮች ስፖርት ነው» ካለ ጋሼ በሩን ገፋ አድርገው ፎቶውን ያሳዩታል። ቀጥለውም አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተሳተፈችበት በ1949ኙ ሜልቦርን ብስክሌተኞቻችን እንደነበሩ ይነግሩታል። ይህን ታሪክ በቃሌ እስክይዘው ሰምቼዋለሁ፤ አሁንም ሲያወሩት ቆሜ እሰማለሁ።

እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራ። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ በፈረቃ ይገባ ይወጣ የነበረው በጥቁር ፊኒክስ ብስክሌት ነው። ባለ 28 ኢንች ጎማ፣ ፍሬኑ በገመድ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራ፣ ከኋላው ጠንካራ መጫኛ ያለው። ያኔ የፋብሪካው ፈረቃ ሲቀየር መንገዱ በብስክሌት ይሞላ ነበር፤ የደወሉን ድምፅ ከግቢያችን እሰማው ነበር። እኔ መንዳት የለመድኩት በሰዓት በሚከራይ ትንሽ ብስክሌት ሲሆን ኪራዩን የሚሰበስቡት ጋሼ ነበሩ። ሰዓቴ ካለቀ በኋላ አንድ ዙር ይጨምሩልኝ ነበር። የአባቴን ፊኒክስም እሳቸው ናቸው የጠገኑት፤ አባቴ ካረፈ በኋላም በዓመት አንዴ ኩሽኔታውን ፈተው፣ ግሪስ ቀብተው ይመልሱልኛል።

ባሕር ዳር ለብስክሌት የተፈጠረ ከተማ ነው። ሜዳ ነው፣ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ዘንባባው ጥላ ይሰጣል። አሁን ባጃጁ በዝቶ ብስክሌቱ ቢቀንስም በየመንገዱ ነጠላዋን አጣፍታ የምትነዳ እናት ታያላችሁ፤ እዚህ ማንም ዞሮ አያያትም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይም 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ሲኖረው ለብስክሌት መተላለፊያ ተሠርቶለታል። በዚያ ላይ ስነዳ ደስታዬ ልክ የለውም።

የቅዳሜ ጉዟችን የተጀመረው ጋሼ ሱቅ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ማንም ማኅበር እንመሥርት ብሎ አልተነሳም። ሰው ብስክሌቱን ይዞ ይመጣል፣ እስኪሠራለት ይቀመጣል፣ አጠገቡ ካለው ጋር ወሬ ይጀምራል። እኔና የባንኩ ልጅ አንድ ቀን ጎማ ስናስለጥፍ ተዋወቅን። የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ መምህሩ ፍሬን ሊያስጠብቅ መጥቶ ተጨመረ። ልብስ ሰፊዋን ጋሼ ራሳቸው ናቸው «አንቺ ብቻሽን ዘንዘልማ ድረስ ከምትነጅ ከእነዚህ ጋር ሂጅ» ብለው ያገናኙን። እንዲህ እንዲህ እያልን 11 ደረስን። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሱቁ ደጃፍ እንገናኛለን። ጋሼ ቀድመውን ከፍተው፣ ፖምፓውን አውጥተው ይጠብቁናል። አንድ በአንድ ጎማችንን በአውራ ጣታቸው ይጫናሉ፤ ፍሬናችንን ጨበጥ ያደርጋሉ፤ ካልጣማቸው «አትሄድም» ይላሉ። የከለከሉት ሰው ተከራክሯቸው አያውቅም።

ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከከተማ ሳንወጣ የቀረንባቸው ቅዳሜዎች ብዙ ናቸው። ያኔ በሐይቁ ዳር እንዞርና ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥተን ዓባይን አይተን እንመለሳለን። መንገድ ሰላም ሲሆን ግን ወደ መራዊ ነው የምንሄደው፤ በመሸንቲ በኩል፣ ወደ 30 ኪሎ ሜትር። በመስከረም መጨረሻ ይህን መንገድ በብስክሌት ያላየ ሰው ጎጃምን አየሁ ባይል ይሻላል። ኑጉ አብቦ ሜዳው ቢጫ ነው፣ ዳጉሳው ራሱን መድፋት ጀምሯል፣ ከባሕር ዛፉ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። ልጆች ከየደጁ እየሮጡ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ እኛም እያለፍን መዳፋቸውን እንመታለን።

መሄዱ ቀላል ነው፤ ችግሩ መመለሱ ላይ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል የብሱ ከጣና ውሃ ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል። እኛ ደግሞ ፊታችንን ወደ ሐይቁ አድርገን ነው የምንመለሰው። ሜዳ መንገድ ላይ ብስክሌተኛን ከሁሉም በላይ የሚያደክመው አየሩን መግፋት ነው። ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ግፊቱ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ከፊት ያለውን ሰው የኋላ ጎማ ተጠግቶ የሚነዳ ግን ከጉልበቱ ሩብ፣ አንዳንዴም ሲሶ ያህል ይተርፈዋል። ስለዚህ በሰልፍ እንሆናለን። የፊተኛው ሁለት ሦስት ደቂቃ ነፋሱን ይጋፈጥና ወደ ግራ ወጣ ብሎ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ቀጣዩ ይተካዋል። የመምህሩ አባት ገበሬ ናቸው፤ ይህን ሲነግራቸው «ወንፈል ነዋ!» አሉት። ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን። ከዚያ ወዲህ እኛም ስሙን ወንፈል አልነው። ተራው የደረሰ ሰው ከፊት ቆይቶ ሲደክመው «ወንፈል!» ብሎ ይጮኻል።

ወንፈል ግን እምነት ይጠይቃል። ከፊቴ ካለው ጎማ የሚለየኝ አንድ ክንድ ነው። የፊተኛው ካቴና ቢበጠስ ወይም ቸርኬው ተጣሞ ፍሬኑ ቢይዝበት ሁላችንም እንከመራለን፤ ከኋላ ደግሞ ሲኖትራክ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ነው የአንዱ ብስክሌት ጤንነት የሌላውም ጉዳይ የሚሆነው። ያንን ጤንነት ሲጠብቁልን የኖሩት ደግሞ ጋሼ ናቸው።

አሁን ስለ ዓይናቸው ልንገራችሁ።

ጋሼ የተጣመመ ቸርኬ ሲያቃኑ አንድ ጊዜ ተቀምጬ አይቻቸዋለሁ። ብስክሌቱን ገልብጠው በመቀመጫውና በመሪው ያቆሙታል። ጎማውን ያሽከረክሩታል። ሌላው ጠጋኝ በቸርኬውና በፍሬኑ ላስቲክ መካከል ያለውን ክፍተት በዓይኑ ነው የሚከታተል። እሳቸው ግን የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ወደ ቸርኬው ያስጠጉና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ቸርኬው ወደዚያ ያዘነበለበት ቦታ ሲደርስ ጥፍራቸውን ይነካና «ሽር» ይላል። እዚያ ላይ ያቆሙታል። ከዚያ 36ቱን ሽቦዎች በጣታቸው አንድ በአንድ ይመቷቸዋል፣ ልክ ክራር እንደሚቃኝ ሰው። የጠበቀው ቀጠን ብሎ ይጮኻል፣ የላላው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ቸርኬው ወደ ግራ ከሄደ የቀኙን ሽቦ ጠበቅ፣ የግራውን ላላ፤ ሩብ ዙር፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። እንደገና ያሽከረክሩታል፣ እንደገና ያዳምጣሉ። «ቸርኬ የሚበላሸው በችኮላ ነው ልጀ» አሉኝ በጎጃም አፋቸው። እኔም ይህን ያህል የተራቀቁበት ሙያ ነው ብዬ ተደነቅሁ። ሙያስ ሙያ ነው። ነገር ግን በጆሯቸውና በጥፍራቸው የሚሠሩት ዓይናቸው ስለደከመም ነበር፤ ያንን አላየሁም።

ካቴናዬን ሲለኩም እንዲሁ። የብስክሌት ካቴና ሲያረጅ ይረዝማል፤ በየመጋጠሚያው ያሉት ፒኖች ስለሚበሉ ነው። አዲስ ካቴና ላይ ሜትሩን ከአንድ ፒን መሐል አስጀምሮ 24 መጋጠሚያ ቢቆጥሩ ልክ 12 ኢንች ላይ ሌላ ፒን ይገኛል። ሜትሩ ላይ ኢንቿ በ16 ትናንሽ መስመሮች ተከፍላለች። ፒኑ ከ12 አንዲት መስመር ካለፈ ካቴናው መቀየር አለበት። ከዚያ በላይ ከቆየ ካቴናው የሚዞርበትን የፊትና የኋላ ጥርስም ይበላውና ለአንድ ካቴና ያልተከፈለ ገንዘብ ለሦስት ዕቃ ይወጣል። ጋሼ ሜትሩን ይዘረጉና «በይ አንብቢልኝ» ይሉኝ ነበር። ሊያስተምሩኝ መስሎኝ አነብላቸዋለሁ። ለሁሉም ሰው እንደዚያ ይሉ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

የነቃሁት በዱቤ ደብተራቸው ነው። ለተማሪ፣ ለቀን ሠራተኛ፣ ለሁሉም በዱቤ ይሠራሉ። ባለፈው ኅዳር የእኔን ሒሳብ ልከፍል ደብተሩን ሲገልጡ ከትከሻቸው በላይ አየሁት። የፊት ገጾቹ ላይ ጽሑፋቸው ደቃቅና ውብ ነው፤ በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ናቸው። ወደ ኋላ ሲሄድ ፊደሉ እየገዘፈ፣ እየገዘፈ ይመጣል። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ጎማ» የምትለው ቃል ብቻዋን ሦስት መስመር ይዛለች። ቀኑን ሙሉ የዓይን ጠብታ የምሸጥ ሰው ነኝ። እዚያው ቆሜ ሆዴ ተላወሰ።

የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበር። ሐኪም ዘንድ ይዣቸው ስሄድ «ሱቁን ማን ይከፍታል?» ነው ያሉኝ፤ ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም። ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ለተወሰኑ ሳምንታት ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ አቧራና ውሃ ወደ ዓይን ማስገባት አይቻልም። የጋሼ ሥራ ደግሞ ያው አቧራ፣ ያው ሳፋ፣ ያው ማንሳት ነው። ሦስት ሳምንት ብለን ተስማማን። ጠብታውን በቀን 4 ጊዜ እንዲጨምሩ ልጃቸውን አሠለጠንኩ። ማታ ከሥራ ስወጣ እኔም ጎራ እላለሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ 9 ሆነን ወጣን። የልብስ ሰፊዋ የኋላ ፍሬን ገመድ ተበጥሶ ቀረች፤ አንዱ ደግሞ ደጃፉ ዝግ መሆኑን ሲያይ ተመለሰ። ጎማ የምንነፋበትም ስላልነበረን ነዳጅ ማደያ ሄደን አስነፋን። የማደያው መንፊያ ለመኪና የተሠራ ነው፤ የአንዱን ጎማ እዚያው አፈነዳው።

በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ሰዎች በግራር እሾህ ጎማቸው ተበሳ። የመኪና ጎሚስታ ዘንድ ሄዱ። ልጁ ደግ ነው፣ ሥራውንም ያውቃል፤ ግን የሚያውቀው የመኪና ጎማ ነው። ልጥፉን ወፍራም አድርጎ ለጠፈላቸው፤ እሾሁንም ከውጭኛው ጎማ ውስጥ ሳያወጣው መልሶ ገጠመው። መሸንቲ ሳይደርሱ ሁለቱም ተነፈሱ። ጋሼ ቢሆኑ የውስጡን ጎማ ነፍተው ሳፋው ውስጥ ያስገቡና አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋሉ። ያደርቁታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያሹታል፣ ማስቲሹን ስስ አድርገው ይቀቡና እስኪደበዝዝ ይጠብቃሉ። ልጥፉን የሚያሳርፉት ከዚያ በኋላ ነው። ከመግጠማቸው በፊት ደግሞ መዳፋቸውን በውጭኛው ጎማ ውስጥ ቀስ አድርገው ያዞራሉ። እሾሁን በእጃቸው ያገኙታል፣ በፒንሳ ይነቅሉታል። «የወጋህን ሳታወጣ ቁስሉን አትሸፍን» ይላሉ። ያን ቅዳሜ 6 ነበርን፤ 4 ተመለስን፣ ሁለቱ በባጃጅ ተጭነው መጡ።

በጣም ያሳዘነኝ የትንሹ ልጅ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ከወንድሙ በተላከለት ብር ከአዲስ አበባ በቴሌግራም አንድ ኮርሳ፣ ማለትም የውድድር ብስክሌት፣ አዘዘ። በካርቶን ተፈታትቶ መጣለት። ሻጩ እንዴት እንደሚገጠም አንድ ቃል አልነገረውም፤ ሲደውልለትም አያነሳም። ጋሼ የሉም። ልጁ ራሱ ገጠመው። የግራ ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ እንደ ሌላው ብሎን ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። እንደዚያ የተደረገበት ምክንያት ስንነዳ በሚፈጠረው እንቅስቃሴ እየላላ እንዳይወጣ ነው። ይህን ማን ይነግረዋል? በጉልበቱ ወደ ቀኝ አጠበቀው። ፔዳሉ ብረት ነው፣ የሚገባበት ክንድ አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱ ተላጨ። አዲስ ብስክሌት አንድ ኪሎ ሜትር ሳይነዳ ቆመ። ልጁ እንባውን ዋጥ እያደረገ ግድግዳ አስደግፎት አገኘሁት። በርካሽ ገዛሁ ብሎ ነበር የተደሰተው፤ ጋሼ ቢኖሩ በአምስት ደቂቃ የሚገጥሙለት ነገር ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ 4 ሰዎች ብቻ መጣን። ለወንፈል አራት ሰው አይበቃም፤ ተራው ቶሎ ቶሎ ይደርሳል፣ ሰውም ይዝላል። ቤዛዊት ወጥተን ተመለስን። ዝም ብለን ነበር የነዳነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩ። በአዳዲስ መንገዶቻችን ዳር የብስክሌት መስመር ሲሠራ አይቼ እደሰታለሁ፤ ይሠራ፣ ይጨመር። ግን ብስክሌት የሚጠግን ሰው ከዳር ተገፍቶ ኪራይ ወደማይከብድበት ጓሮ ከሄደ በመስመሩ ላይ ማን ይነዳል? ጋሼ ከዋናው መንገድ ወደ ቅያስ የገቡት ኪራይ ሲጨመርባቸው ነው። ቀድሞ ከእኛ ሰፈር እስከ ገበያ ድረስ አራት ጠጋኞች ነበሩ፤ አሁን እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። እኔም ባለፈው ዓመት አንድ ካቴና ትንሽ ርካሽ አገኘሁ ብዬ ከሌላ ቦታ ገዝቼ ነበር። ያን ያህል ብር ያተረፍኩት ከማን ኪስ እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። ከዚያ ወዲህ ጎማም፣ ገመድም፣ ብሎንም ከጋሼ ካልሆነ አልገዛም። እሳቸው ጋ ከሌለ እንዲያመጡት አዝዤ እጠብቃለሁ። ዳንግላ ያላችሁ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደብረ ማርቆስ ያላችሁ፣ እናንተም ጋ እንዲህ ያለ ሰው አለ። ሳይበላሽባችሁም ሂዱ፣ ፍሬናችሁን አስጠብቁ፣ ሒሳባችሁን በወቅቱ ክፈሉ። ልጅ ካላችሁ በዕረፍት ወራት አጠገባቸው አስቀምጡት፤ ያንን የሽቦ ድምፅ ለይቶ ማወቅ የሚማረው አጠገባቸው ተቀምጦ ሲያዳምጥ ነው።

እኛም አንድ ነገር አድርገናል። አሥራ አንዳችን አዋጥተን ሱቁ ውስጥ ጥሩ መብራት አስገባን፤ እስከ አሁን በአንዲት አምፖል ነበር የሚሠሩት። የኮርሳው ልጅ ደግሞ ትምህርት በማይኖረው ሰዓት ሱቁ ውስጥ ይውላል፤ ጋሼ የተላጨውን ክንድ ከአሮጌ ብስክሌት በተፈታ ቀይረውለት ዕዳውን በሥራ ይክፈል ብለዋል።

የተከፈተው ቅዳሜ ቀን ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ሳፋው ውሃ ተሞልቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። አሥራ አንዳችንም ነበርን፤ የልብስ ሰፊዋ ዳቦ ጋግራ አምጥታለች። ጋሼ ጥቁር መነጽር አድርገው ወጡ፣ አወለቁት፣ ብስክሌቶቻችንን በተርታ አዩዋቸው። የእኔ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ አሉና ሽቦዎቹን ተመለከቱ። «ይሄን ያህል ዝጎ ነበር?» አሉ በዝግታ። ከዚያ ሜትሩን ከኪሳቸው አውጥተው ካቴናው ላይ ዘረጉት። እኔ እንደ ልማዴ ላነብላቸው ቁጢጥ አልኩ።

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «ቆይ ልጀ፣ ዛሬስ እኔ ላንብበው።»

አንገታቸውን ሳያዘነብሉ፣ ቀጥ ብለው አዩት። «አሥራ ሁለት። መስመሯን አልነካም። እስከ ፋሲካ ያደርስሻል።»